ያልተነቀለው ድንኳን

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ፣ የነገሥታቱ ሰፈር በየጊዜው ለምን ቦታ እንደሚቀይር ሲጽፍ ትልቅ ምክንያት አድርጎ ያነሳው ማገዶን ነው። ሰፈሩ እንጨት የሞላበት አገር ተመርጦ ይተከላል፤ ዙሪያው ተመንጥሮ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላ ደን ይሄዳል። ከሱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር በሺህ በሚቆጠሩ ድንኳኖቹ፣ ከነገበያው፣ ከነቤተ ክርስቲያኑና ከነፍርድ አደባባዩ ሲጓዝ አይቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሥ የሰፈረበት አገር ገበሬ ያንን ዓመት በቀላሉ አይረሳውም። እህሉ ለሠራዊቱ ድርጎ፣ ሣሩ ለበቅሎ፣ ዛፉ ለምድጃ ይሄዳል። ነገር ግን ሰፈሩ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ መሬቱ ያርፋል፣ ቁጥቋጦው ያቆጠቁጣል፣ ገበሬውም ለልጁ የሚያወርሰው ማሳ ይተርፈዋል። በመናገሻውና በባላገሩ መካከል የነበረው ውል፣ ማንም ባይጽፈውም፣ ይኸው ነበር፦ ትበላለህ፣ ከዚያ ትሄዳለህ።

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ውሉ የፈረሰ ይመስል ነበር። ቤተ መንግሥቱ በድንጋይና በኖራ ተሠራ፤ ድንጋይ ደግሞ አይነቀልም። ደምቢያ እህሏን ወደ ጎንደር አወጣች፤ ወገራም እንዲሁ። ሆኖም ጎንደር ክንዷ ረጅም አልነበረም። እቃ የሚመጣው በአህያና በበቅሎ ነው፤ አህያ ደግሞ የምትሸከመውን ያህል መንገድ ላይ ትበላለች። በዘመነ መሳፍንት የንጉሡ ትእዛዝ ከግንቡ አጥር ማዶ መሰማቱ ሲቀር ከተማዋ በዙሪያዋ ካሉት መሳፍንት ፈቃድ በታች ሆነች። ያን ጊዜ ባላገሩ ከመናገሻው ይከብድ ነበር ማለት ይቻላል።

ታሪኩ የሚዞረው በሸዋ ነው። ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ ሌሎች ሰፈሮች፣ በ1870ዎቹ ደግሞ ወደ እንጦጦ ወጡ። እንጦጦ ለጠባቂ ዓይን ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እህልና እንጨት ዳገቱን ወጥቶ የሚደርሰው በመከራ ነው። ኅዳር 1879 ዓ.ም. ንጉሡ ለሐረር ዘመቻ በተነሱበት ሰሞን እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ሥር ባለው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ቦታው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚሉት የቱለማ ኦሮሞዎች ከብታቸውን የሚያሰማሩበትና የሚያርሱበት አገር ነበር፤ ጉለሌና የካ ዛሬም በክፍለ ከተማ ስም የሚጠሩት በነዚያ ነዋሪዎች ነው። መሬቱ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ በሰፈር በሰፈር ሲታደል የቀደሙት ባለቤቶች ወደ ዳር ተገፉ። ስለ አዲስ አበባና ስለ ዙሪያዋ የሚወራ ማንኛውም ነገር ይህን ዘሎ ቢጀምር ጎደሎ ነው።

ራስ መኮንን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ራስ ተሰማ፣ ደጃዝማች ውቤ፤ እያንዳንዱ ሹም ከነወታደሩና ከነቤተሰቡ ጉብታውን ያዘ። ግዛቱ ሐረር ይሁን ኢሉባቦር፣ ቤት የሚኖረው በመናገሻው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የሚገፋው የገባር ማር፣ ቅቤ፣ እህልና ከብት ወደነዚህ ግቢዎች መጉረፍ ጀመረ። በግቢው አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በግብር ላይ ሲቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ብርሌ ጠጅ ውስጥ ከሳምንታት መንገድ የመጣ የገባር ማር ነበረበት።

ከዚያ እንጨቱ አለቀ። የአድዋው ድል ሰሞን አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተራቁቷል። ቤት መሥሪያውም ማገዶውም በሰው ጀርባና በአህያ መናገሻ ከሚባለው ደን በኩል ይመጣ ጀመር፤ ዋጋውም በየዓመቱ ወጣ። በአሮጌው ውል መሠረት ድንኳን የሚነቀልበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው፤ ምኒልክም አላመነቱም። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በስተ ምዕራብ፣ በደን አጠገብ፣ አዲስ ዓለም የምትባል አዲስ መናገሻ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ማሠራት ጀመሩ። መንገድ ተቀየሰላት፣ ቤተ መንግሥትም ተገነባ።

ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ዛሬም አዲስ ዓለም ሲደርስ ኮረብታው ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያያል። ያ ቤተ ክርስቲያን ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ለጽዮን ማርያም ሰጡት፤ ከዙፋን ይልቅ ታቦት ገባበት። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ሕንፃ ከአዲስ አበባ ሕንፃዎች አንዱ ሳይሆን ይሄ ነው። አገሪቱ መናገሻዋን ለመጨረሻ ጊዜ ለማንሳት የሞከረችው እዚያ ላይ ነውና፤ ሳይሆን ቀረ።

ያልሆነበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የውጭ መልእክተኞች ናቸው። ከአድዋ በኋላ የጣሊያን፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ሌጋሲዮኖች በአዲስ አበባ ሰፊ ግቢ ተቀብለው ቤት ሠርተዋል፤ ትተው መሄድ አልፈለጉም። ሁለተኛው ባህር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ በከተማዋ ጓሮዎችና ዳገቶች ተተከለ፤ ንጉሡም ችግኙ በርካሽ እንዲታደልና የሚተክል ሰው ግብር እንዲቀልለት አደረጉ። ጽድና ወይራ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈልጋሉ። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገር ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ ከሩቅ ለሚያያት ከተማ ሳትሆን ጫካ መሰለች።

ሰዎች ይህንን የከተማዋ መዳን አድርገው ይተርኩታል፤ ልክም ነው፣ ከተማዋ ድናለች። ግን የዳነችበትን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? በዙሪያዋ ያለው ገበሬ የጤፍ ማሳውን ወደ ባህር ዛፍ ሲቀይር ገንዘብ አገኘ፤ ከዛፉ ሥር ግን ሌላ ነገር ብዙም አይበቅልም፣ ምንጩም ሊደርቅ ይችላል። ከእንጦጦ ጫፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ከሰውነታቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው፣ አንገታቸውን ቀና ሳያደርጉ በሽሮ ሜዳ በኩል ይወርዳሉ። የደን ጥበቃ ሲያገኛቸው ሸክሙን ያስጥላቸዋል፤ አንዳንዴም ገመዱን ይቀማቸዋል። የዚህች ከተማ እንጀራ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጋገረው በነሱ ወገብ ነው።

ማገዶው መላ ሲያገኝ የቀረው ችግር ርቀት ነበር። እሱንም ባቡር መታው። ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ ሐዲዱ ከሥር አለፋት። የዘመናት የንግድ ከተማ፣ ግንብና አምስት በር ያላት፣ የራሷን ገንዘብ የቀረጸች ሐረር፣ ትናንት ሜዳ ላይ ለተፈጠረች የባቡር ጣቢያ ገበያዋን አስረከበች። ከዚያም ኩባንያው በገንዘብ ተሰናክሎ፣ ሥራው ቆሞና ተጀምሮ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድመውት አርፈዋል።

ከባሕር ዳርቻ ሸዋ ለመድረስ ሲራራ ነጋዴ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው ጉዞ በጥቂት ቀናት ተጠናቀቀ። ቆርቆሮ፣ አቡጀዲ፣ ሲሚንቶ ገባ፤ ቡናና ቆዳ ወጣ። ሁሉም በአንድ በር። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራና ከዘይላ የሚመጣው ሲራራ የሚራገፍባት፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና አማራው የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ እዚያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ማንም አልወጋትም፣ ማንም አላቃጠላት። መንገዱ ሌላ ቦታ ሄደ፣ በቃ። የነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበርም ቀስ በቀስ የወረዳ ከተማ ሆነች። ዘይላም ባሕር ዳር ላይ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማት። አንዲት ከተማ ሌሎቹን የምትጋርደው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጠላት ሆና ሳይሆን ሰው ሁሉ ወደሷ ሲሄድ።

የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት ነገሩን በሁለት አቅጣጫ ገፋው። በአንድ በኩል ወራሪው አገሪቱን ለያይቶ ሲያስተዳድር ጎንደርንና ጅማን የየግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋቸው። የጎንደር ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የዚያ ዘመን ናቸው። በሌላ በኩል መንገድ ሠራ፤ መንገዱም ከአዲስ አበባ እየተነሳ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ለቀምት፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዘረጋ። ጣርማ በር ተራራው ተሰነጠቀ። በከተማዋም የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ክፍፍሉ ፈረሰ፣ መንገዱ ቀረ። ከጅማ ወደ ጎሬ፣ ከደሴ ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና ሁሉ ሂሳቡን የሚዘጋው መርካቶ ሆነ። የእህል በረንዳ ደላላ ጠዋት የቆረጠው ዋጋ ከሰዓት በኋላ በሻሸመኔና በባኮ ገበያ ይሰማል።

ነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ የቀረውን ጨረሰ። እስከዚያ ድረስ የጠቅላይ ግዛት ገዥ የሰበሰበውን ግብር በእጁ ይዞ፣ ወታደሩን ቀልቦ፣ የሚተርፈውን ወደ ላይ ይልክ ነበር። ከዚህ በኋላ ገዥው ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ሹመቱ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር። ለገባሩ ይህ በብዙ መልኩ እፎይታ ነበር፤ የአንድ ሰው ፈቃድ ከላዩ ላይ ተነስቶለታል። ግን ደግሞ የጎጃም መንገድ፣ የባሌ ትምህርት ቤት፣ የጋሞ ጎፋ ሐኪም ቤት የሚወሰነው አዲስ አበባ በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የተከፈተው እዚያው፣ ትልልቁ ሆስፒታል እዚያው። ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ደጅ ለመጥናት ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ጀመር። ከሲዳሞ በመሬት ክርክር የመጣ ባላገር ራፖር ጸሐፊ ፊት ቁጭ ብሎ አቤቱታውን ያስጽፋል፣ በዘመድ ቤት ወለል ላይ ያድራል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ለአንዲት ጋሻ መሬት ሲከራከር ሁለት በሬ የሸጠ ሰው ታሪክ በየቤተሰቡ አለ።

የዓለም አደባባይም ወደዚያው መጣ፤ የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲመረቅ ኃይሉ በከፍተኛ ሽቦ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ሽቦው ያለፈባቸው መንደሮች ኩራዝ ያበሩ ነበር። ውኃውም እንዲሁ። በ1930ዎቹ የተገደበው ገፈርሳ ሲያንሳት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ ተጨመረላት፤ በ1991 ድሬ። ሦስቱም ከከተማዋ ክልል ውጭ ናቸው። ቧንቧው በማሳቸው በኩል ሲያልፍ ብዙዎቹ ገበሬዎች ከወንዝና ከምንጭ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ከላይ በኩል ንጹሕ ውኃ የተቀበለች ከተማ በታች በኩል ምን እንደምትመልስ ማየት የሚፈልግ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይውረድ። አቃቂ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካውንና የቤቱን ሁሉ ፍሳሽ ይዞ እዚያ ይገባል፤ ሐይቁን እምቦጭ ሸፍኖታል፤ በታች ያለው ገበሬ ግን ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለመጻፍ የሚከብደኝ ወሎ ነው። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ሲቀር የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጠ፣ ከዚያ ማረሻውን፣ ከዚያ የቤቱን እንጨት፣ በመጨረሻ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። በደሴና በአዲስ አበባ መካከል ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ረኃብ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የሚዘገንን ነገር አስፍሯል፦ በዚያው ጊዜ ከወሎ እህል እየወጣ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። በአገር ደረጃ እህል ጠፍቶ አልነበረም። የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ነው፤ እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። የልመናውም የእህሉም መንገድ አንድ ነበር።

አዲስ አበባ ይህን ለወራት አላወቀችም፤ ያወቁትም ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው ሲመለሱ በግቢው ውስጥ አሳዩት። ጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለውጭው ዓለም ታየ። አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ያየችው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፤ በማግስቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሞት ወደ መናገሻው ዓይን ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት፤ እህሉ ግን በቀናት ውስጥ ይደርስ ነበር።

እሳቸውን ያወረደው ደርግ በገጠሩ ስም መጣ፤ የካቲት 1967 መሬት ላራሹ አዋጅም በእርግጥ ታላቅ ነገር ነበር። ከተማዋን የመቀለቡ ጉዳይ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ጣለ፤ ገበሬው በመንግሥት ዋጋ፣ ከገበያው በታች፣ ጤፉን ያስረክባል። እህሉ ለጦሩና ለከተማው ቀበሌ ሱቅ ይሄዳል። ምርቱ የከዳው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ የሞላበት ዓመት ነበር። እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር ኬላ ቆመ። ዘመድ ጠይቃ የምትመለስ ሴት ከጎጃም ያመጣችውን ጥቂት ጣሳ ጤፍ ከልብስ መሐል ሸሽጋ፣ ኬላው ላይ ፈታሹ ጆንያዋን በብረት ሲወጋ እያየች፣ እስኪያልፋት ልቧ ይቆም ነበር። የኮታው ሥርዓት የፈረሰው በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ቁጥሮቹን እዚህ ላይ ላስገባ። የ1976ቱ ቆጠራ አዲስ አበባን 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ አገኘባት፤ የ1987ቱ 2.1 ሚሊዮን፤ የ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን። በመጨረሻው ቆጠራ ከሷ ቀጥላ የነበረችው ድሬዳዋ 233 ሺህ ያህል ነበራት። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ማርክ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1939 በብዙ አገሮች አንደኛዋ ከተማ ሁለተኛዋን በሁለት በሦስት እጥፍ እንደምትበልጥ ሲጽፍ እሱንም የሚያስገርም ሆኖ አግኝቶት ነበር። የኛ ግን ከአሥር በላይ ነበር። አዳማ፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ከዚያ ወዲህ ብዙ አድገዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባቸዋል፣ በአንዳንዶቹም የክልል ምክር ቤት ተቀምጧል። ፌዴራሊዝሙ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን መካድ አይገባም። ባንኩ፣ ፋብሪካው፣ ኤምባሲው፣ ልዩ ሐኪሙ ግን አሁንም በአብዛኛው አንድ ቦታ ናቸው።

በ1990ዎቹ ከተማዋ የምትፈልገው ነገር ተቀየረ። ማገዶ አይደለም፣ እህል አይደለም፤ መሬት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ዱከም በፋብሪካ፣ በአበባ እርሻ፣ በመጋዘንና በቪላ ተሞሉ። በኋላም ኮንዶሚኒየሙ በየካ አባዶ፣ በቂሊንጦ፣ በኮዬ ፈጬ ሜዳ ላይ ቆመ። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ለገበሬው የሚከፍለው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ነበር። ወረቀት ላይ ሲያነቡት የሚያንስ አይመስልም። ይህ ሰው ግን ከአባቱ የወረሰውን፣ ለልጁ የሚያወርሰውን ነው የሰጠው፤ መሬቱ በሊዝ በካሬ ሜትር የተሸጠበትን ዋጋ ከጎኑ ቆሞ ይሰማል። ብሩ በሁለት በሦስት ዓመት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን የምታገኛቸው በቀድሞ ማሳቸው ላይ በተሠራው መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆነው ነው። ልጆቻቸው እዚያው ድንጋይ ይሸከማሉ።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ፣ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። ሕጉ ከ20 ዓመት በላይ ሳይወጣ ቆየ፤ በ2009 ረቂቅ ተዘጋጅቶ ሳይጸድቅ ቀረ። በመካከሉ በ1992 የክልሉ መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፣ ተቃውሞ ተነሳ፣ በ1997 ተመለሰ። በ2006 ደግሞ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ የሚያቅድ ማስተር ፕላን መጣ። ዕቅዱ በባለሙያ ዓይን ሲታይ ትርጉም ነበረው፤ ውኃ፣ መንገድና ቆሻሻ ወሰን አያውቁምና። ሆኖም የገበሬው ትዝታ ከባለሙያው ካርታ ይረዝማል። አምቦ ተነሳች፤ ኅዳር 2008 ጊንጪ። ብዙ ወጣት ሞተ። ጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ፤ እሳቱ ግን አልጠፋም፣ መጨረሻም የአገሪቱን ፖለቲካ ቀየረ።

በዚያው ጥር አካባቢ አዲሱ የቆሻሻ መድፊያ ሰንዳፋ ላይ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬ ሽታውንና ፍሳሹን አልቀበልም አለ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ አሮጌው ቦታ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ብዙዎቹም ከገጠር ኑሮ ፍለጋ መጥተው ከቆሻሻው ሥር ጎጆ የቀለሱ ነበሩ። ከሰንዳፋ ገበሬ መሬት ወስዶ ከመሄድ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ቢኖር ኖሮ እነዚያ ሰዎች በሕይወት ይኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ የምትወስድ ብቻ ናት ማለቴ አይደለም። የሰላሌ፣ የሱሉልታና የሆለታ ገበሬ ወተቱን የሚሸጠው ለሷ ነው፤ በዓቢይ ጾም ከተማው ወተት ሲያቆም የሱም ገቢ አብሮ ይቆማል፣ ቀሪው ዓመት ግን ልጅ ያስተምርበታል። የሞተ የመሰለ በሽተኛ ከወለጋ መጥቶ በጥቁር አንበሳ ድኖ ይመለሳል። ከጉራጌ በእግሩ የመጣ ልጅ መርካቶ ላይ ሱቅ ከፍቶ ለመንደሩ መንገድ ያስጠርጋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከምስጋናው ጋር ግን ሂሳቡ መወራረድ አለበት።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ ሸገር በሚል ስም አንድ ከተማ ሆነው ተዋቀሩ። አሁን አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው የሚከብባት ሌላ ከተማ ነው፤ እሱም በተራው ቤት አፈረሰ፣ መሬት ለካ። በሁለቱ ከንቲባዎች መካከል የተቀመጠው ገበሬ ከፊንፊኔ ሜዳ ጀምሮ ሲገፋ የመጣው ያው ነው። አዲስ አበባ እንደ ጥንቱ ሰፈር ተነቅላ አትሄድም፤ የምትቀመጥ ከሆነ የተቀመጠችበትን ትክፈል። በአንቀጽ 49 የተገባው ሕግ ይውጣ፤ መሬት የሚወሰድበት ገበሬ ከካሳው ሌላ በመሬቱ ላይ በሚሠራው ነገር ባለድርሻ ይሁን፤ በየወሩ ከምንከፍለው የውኃ ሂሳብ ላይም ለገፈርሳ፣ ለለገዳዲና ለድሬ መንደሮች ቧንቧ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚውል ገንዘብ ይቆረጥ። እኔ ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ፤ አንተም አንቺም ብትጠየቁ እምቢ የምትሉ አይመስለኝም።